የጎደሉት ስምንት ገጾች

ፋይሉ ስልኬ ላይ የገባው ሐሙስ ዕለት፣ ቢሮ ተቀምጬ የገቢ ደብዳቤ ስመዘግብ ነው። የላከችልኝ ባሕር ዳር አንድ ዶርም ውስጥ አብራኝ የኖረች ጓደኛዬ ናት። ከፋይሉ ሥር እንዲህ ብላለች፦ «ጨዋታችን ተሻሽሎ ወጣ! አዲሱ እትም ነው። እዚያ አሁንም ታጫውቻለሽ አይደል?»

አዎ፣ አጫውታለሁ። ግን መልስ አልጻፍኩላትም። ስልኩን በግንባሩ ደፋሁትና ወደ መዝገቤ ተመለስኩ። የአንዱን ደብዳቤ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ጻፍኩ። የምሠራው ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ ቁጥር የምሳሳት ሰው አይደለሁም።

ለምን እንደደነገጥኩ ለመናገር ከጨዋታው መጀመር አለብኝ።

ጨዋታው ሰሌዳ የለውም። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ የፈለገውን ሰው ይፈጥራል፣ ነጋዴ ወይም ወታደር ወይም ሌላ፤ ከዚያ በዚያ ሰው አፍ ይናገራል። አንዷ አጫዋች ትሆናለች። አገሩን፣ መንገዱን፣ ዝናቡንና ጠላቱን ሁሉ እሷ ትናገራለች። ተጫዋቹ «ገደሉን እወርዳለሁ» ሲል ይሳካለት እንደሆነ ዳይስ ይወስናል። ዳይሱ ስንት ሲወጣ ምን እንደሚሆን የሚናገር የደንብ መጽሐፍ ደግሞ አለ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ከዳር ተቀምጬ ሌሎች ሲጫወቱ አዳመጥኩ። አጫዋች የሆንኩት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው። አራት ዓመት ስማር ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ጠይቄ አላውቅም። አስተማሪ ስሜን ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምለው ለራሴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነበር። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ቻልኩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አጫዋች «እኔ እላለሁ» አትልም። «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ነው የምትለው። ከኋላዬ መጽሐፍ ካለ እንደ ንጉሥም እንደ ሽፍታም መናገር አያቅተኝም።

ተመርቄ ወደ ሰቆጣ ስመለስ መጽሐፉን ከግቢው በር አጠገብ ካለ ቤት ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ይዤ መጣሁ። ገልጬ ያየሁት ግን አገሬ ከገባሁ በኋላ ነው። ከገጽ አርባ አንድ ቀጥሎ ያለው ገጽ ሃምሳ ነበር።

ስምንት ገጽ የለም። የጠፋው ደግሞ ውጊያ እንዴት እንደሚካሄድ የሚያስረዳው ክፍል ነው። ገጽ አርባ አንድ ላይ አንድ ሠንጠረዥ አለ፦ ከማታውቁት ሰው ጋር ስትገናኙ ሁለት ዳይስ ጣሉ፤ ሁለት ከወጣ ይነሣባችኋል፣ ሰባት ከወጣ አልወሰነም፣ ዐሥራ ሁለት ከወጣ እንደ እንግዳ ይቀበላችኋል። ገጽ ሃምሳ ደግሞ ስለ ቁስልና ስለ መዳን ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ምን እንደሚደረግ የሚናገር ነገር የለም። ጓደኛዬን እንዳልጠይቅ በዚያን ጊዜ ሰቆጣ ላይ መብራትም ኔትወርክም አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ ያገሬ ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ የጎደለውን ራሴ ሞላሁት። መጽሐፉን ወደ አማርኛ እየመለስኩ በደብተር ስጽፍ ገጽ አርባ አንድ ላይ ስደርስ ብዙ አሰብኩ። እኛ አገር ደም ያለበት ሰው ዘንድ ዘለው አይሄዱም፤ ሽማግሌ ይልካሉ። ሽማግሌም በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ልቡ የፈቀደ ሰው እንኳ ለወጉ አንድ ጊዜ ይመልሳል። ሠንጠረዡን ሳየው ይኸው ነገር መሰለኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከጠላት ጋር ሲገናኙ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ይላካል። በየጊዜው ሁለት ዳይስ ይጣላል። ውጤቱ በሠንጠረዡ ይታያል።»

ከአረፍተ ነገሩ ጎን በእርሳስ ትንሽ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ። ያሳየሁት እውነተኛነት ይኸው ነበር፤ ከዚህ አላለፈም።

ጨዋታውን የጀመርነው የተከራየሁበት ቤት ነው። መጀመሪያ ሦስት ነበርን። አንደኛዋ የጽጽቃ ልጅ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ፤ ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። ሰው ሁሉ የሚሰማት፣ ሳቋ ከአጥር ውጭ የሚደርስ ሴት ናት። ሁለተኛው በአንዱ ደብር የሚያገለግል ዲያቆን፤ ከቅዳሴ ውጭ ባለው ጊዜ ጽሕፈት መሣሪያና ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራል። መብራት ስላልነበረ ማሽኑ ላይ ጨርቅ አልብሶ እስክርቢቶና ደብተር ብቻ ይሸጥ ነበር። እኔም ደብተሬን የገዛሁት ከሱ ነው፤ ምን ልጽፍበት እንደሆነ ሲጠይቀኝ ነገርኩት፤ በዚያው ገባ።

እኔ የምኖርባት ክፍል ጠባብ ስለሆነች አከራዬ እማማ ሳሎናቸውን ፈቀዱልን። እሁድ ከሰዓት እኛ ስንጫወት እሳቸው ከመስኮቱ ሥር ምስር ይለቅማሉ። በሁለተኛው እሁድ ይመስለኛል፣ እኔ በበቅሎ ጨው ጭነው በምሽት ከእኛው ዝቋላ ወደ ተከዜ ስለሚወርዱ ነጋዴዎች እየተረክሁ ሳለ ሰፌዱን አስቀመጡ።

«ማን ነው በቅሎ ነጂው?» አሉ።

«ማንም አይደለም እማማ፣ እንዲሁ በወሬ ነው» አልኳቸው።

«በወሬም ቢሆን! የተጫነች በቅሎ በዚያ ገደል በዚህ ሰዓት አትወርድም። አባቴ ጨው ሲነግድ እየተከተልኩ አድጌአለሁ። ሁሉንም ትጨርሷቸዋላችሁ። በሉ እኔን አስገቡኝ።»

አስገባናቸው። የሲራራ ነጋዴዎቹ መሪ ሆኑ። ለበቅሎዎቹ በኽምጣኛ ሲናገሩ ሲስተር ብቻ ትሰማቸዋለች፤ ትስቃለች፤ ለእኔና ለዲያቆኑ ግን አትተረጉምልንም። ሲስተር ራሷ ጎራዴ የታጠቀች ጠባቂ ናት። ዲያቆኑ ደግሞ ሌባ መሆንን መረጠ።

«ለንስሐ አባትህ ነግረሃል?» አለችው ሲስተር።

«በዳይስ የተሰረቀ አይቆጠርም።»

«በየትኛው መጽሐፍ?»

«በሷ» አለና ወደ እኔ ጠቆመ።

እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። በነዚህ ሁለት ዓመታት አንድም ቀን ተዋግተን አናውቅም። ጠላት በተገናኘን ቁጥር ሽማግሌ ተመርጦ ይሄዳል፤ እኔ ጠላቱን ሆኜ እቀበላለሁ፤ እንከራከራለን፤ ዳይስ ይጣላል። አንዳንዴ በሁለተኛው፣ አንዳንዴ በሦስተኛው እንታረቃለን፤ ባይሳካም በቁስል ወይም በዝርፊያ እናልፋለን። ሲስተር ጎራዴዋ መዛጉን ታማርራለች። ሌሎቻችን ለምደነዋል።

ኔትወርክ ተመልሶ፣ ስልኬ ላይ ያ ፋይል በገባበት ሳምንት፣ ሲራራችን ትልቅ ጉዳይ ላይ ነበር። ዲያቆኑ ከአንድ ሽፍታ ወንድም ከረጢት ሰርቆ ሲያመልጥ፣ ወንድምየው ሲያባርረው ገደል ገብቶ ሞተ። ደም ገባ ማለት ነው። መንገዱ በሽፍታው እጅ ነው። የመጀመሪያው ሽማግሌ ሲሄድ አራት ወጣ፤ ሽፍታው ከራሳችን በላይ ተኮሰ። ሁለተኛው ሲሄድ ስድስት ወጣ፤ ውኃ ሰጠንና «ላስብበት» ብሎ መለሰን። ሦስተኛው የሚሄደው እሁድ ነበር።

ያን ፋይል ዓርብ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ከፈትኩት። በጥንቃቄ ነው ያነበብኩት፤ ሌላ ዓይነት ንባብ አላውቅም። የጎደሉት ስምንት ገጾች ተሻሽለው ዐሥራ አራት ሆነዋል። ውጊያ በተራ ነው፤ እያንዳንዱ በተራው አንድ ጊዜ ይመታል፣ ከዚያ ጉልበቱ ይቀነሳል፣ ከዚያ እንደገና። ሽማግሌ የሚባል ነገር፣ እንደጠበቅሁት፣ የለም። ያቺ የኔ ሠንጠረዥም ወደ መጨረሻ ተወስዳ «ከተፈለገ» ከሚባሉት ጋር ተቀላቅላለች። መግቢያው ላይ ደግሞ ይህ እትም የቀደመውን እንደሚተካ ተጽፏል።

ይህን ዓይነት አረፍተ ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። የተሻሻለ መመሪያ ቢሮ ሲመጣ መጨረሻው ላይ «ከዚህ በፊት በሥራ ላይ የነበረው መመሪያ በዚህ ተሽሯል» ይላል። እኔ አሮጌውን ከመደርደሪያ አውርጄ፣ ፊቱ ላይ «የተሻረ» የሚለውን ማኅተም መትቼ፣ ታች ካርቶን ውስጥ እከተዋለሁ። ስንቱን ከትቻለሁ! አዝኜለት የማውቅ መመሪያ የለም።

አሁን ግን የሚሻረው የኔ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ የኔ መሆኑን ማንም አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» እያልኩ ያጫወትኳቸው መጽሐፉ ያላለውን ነው። ብናገር ምን እንደሚሉኝ አሰብኩ። ሲስተር ትስቃለች፤ ሳቋን ሰቆጣ ሙሉ ይሰማል። ዲያቆኑ ዝም ይላል፤ እሱ ይብሳል። ከዚያ በኋላ እኔ የምለውን ማን ያምናል? በሳምንት አንድ ቀን ድምፄ የሚወጣው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ ሰባቱም ቀን መዝገብ ቤት ይሆንብኛል።

ፋይሉን ላጠፋው ፈለግሁ። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ሰነድ ማጥፋት ግን አልችልበትም፤ ሥራዬ የተገላቢጦሽ ነው።

እሁድ ታመምኩ ብዬ ላክሁባቸው። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተኛሁ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ሲስተር ሳታንኳኳ ገባች፤ ከቦርሳዋ ቴርሞሜትር እያወጣች ነበር።

«ክንድሽን አንሺ።»

«ራሴን ነው እንጂ ትኩሳት እንኳን...»

«ክንድሽን አንሺ አልኩሽ።»

አነሣሁ። ጠበቀች። አወጣችና ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው።

«ከኔ ትሻያለሽ» አለች። «አንቺ መዝገብ ቤት! ምን ደብቀሽ ነው?»

«ምንም።»

«እሺ ምንም። እኔ በሽተኛ ሳይሆን በሽተኛ ነኝ የሚል ሰው በቀን ዐሥር አያለሁ፤ አብዛኞቹ ከአማታቸው የሸሹ ናቸው። አንቺ አማት የለሽም።»

ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። ከሄደች በኋላ እማማ በሩ ላይ ቆሙ። አልገቡም፤ የበሩን ጉበን ይዘው ብቻ ተናገሩ።

«እግዜር ይማርሽ ልጄ። ግን ዛሬ ሽማግሌ እንልካለን አላልሽም ነበር? በቅሎዎቼ እንደተጫኑ አፋፉ ላይ ቆመው ቀሩ እኮ። ሳምንት ሙሉ ጭነት ሳይራገፍላቸው?»

ሊያስቁኝ አልነበረም። እውነት ተጨንቀው ነው። ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ እነዚያን በቅሎዎች አየኋቸው፤ ጨው ተጭነው፣ ጆሯቸውን ጥለው፣ እኔን ሲጠብቁ። መናገር እንዳለብኝ የወሰንኩት ያኔ ነው።

በቃል እንደማይወጣልኝ ስለማውቅ በሳምንቱ ውስጥ ጽፌ ተዘጋጀሁ። እጄ የለመደው አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ስለሆነ በደብዳቤ መልክ ሆነ። እሁድ ሁሉም ሲቀመጡ ዳይሱን ሳላወጣ ወረቀቱን ዘረጋሁና ማንበብ ጀመርኩ፦

«ጉዳዩ፦ በገጽ አርባ አንድ ላይ የሰፈረውን የተሳሳተ ደንብ ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው...»

«ቆይ ቆይ» አለች ሲስተር። «ግልባጭ ለማን ነው?»

«ሲስተር፣ ተያት» አለ ዲያቆኑ።

ወረቀቱን ወደ ፊቴ አስጠጋሁ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስምንት ገጽ እንዳልነበረኝ፣ ሦስቱ ሽማግሌ የኔ ግምት እንደሆነ፣ አዲሱ እትም እንደመጣ፣ ትክክለኛው ደንብ ሌላ እንደሆነ። «ይህንን እያወቅሁ የመጽሐፉ ነው ብዬ በመናገሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልኩና ጨረስኩ። ቀና አላልኩም።

ዲያቆኑ ከኮቱ ኪስ ደብተር ሲያወጣ ሰማሁ። መብራት በሌለበት ጊዜ ደንቡን ለራሱ በእጁ ገልብጦት ነበር። ገለጠና ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ አዞረው። ጽሑፉ እንደ ብራና ጽሑፍ የተደረደረ ነው። ገጽ አርባ አንድ ላይ የኔ አረፍተ ነገር አለ። ከጎኑ፣ እኔ ባደረግሁበት ቦታ፣ በእርሳስ ትንሽ የጥያቄ ምልክት።

«ይቺንም ገለበጥክ?» አልኩት።

«ያገኘሁትን ነው የምገለብጠው። እንዲያ ነው የተማርነው፤ የኔታ ከራሴ ጨምሬ ወይም ቀንሼ ቢያገኙኝ አይምሩኝም ነበር። ባይገባኝም እገለብጣለሁ።» ጣቱን ምልክቱ ላይ አድርጎ፣ «ይህ ግን ገብቶኛል» አለ። «ፎቶ ኮፒሽን ጠረጴዛው ላይ ያየሁት ቀን ነው ያወቅሁት። ፎቶ ኮፒ የሚሠራ ሰው ጽሑፉን አያነብም፤ የገጽ ቁጥር ነው የሚያየው። አርባ አንድ፣ ሃምሳ። የኔን ደንበኛ እንዲህ አድርጌ ብሰደው ገንዘቡን መልሶ ይቀበለኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ምልክቱን ያደረግሽው አንቺ ነሽ። አውቀሽ ሞልተሽው፣ ጥርጣሬሽን ከጎኑ ጽፈሽ። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?»

እማማ ወደ ደብተሩ አላዩም፤ ማንበብ አይችሉም። እኔን ነበር የሚያዩት።

«መጽሐፉ የፈረንጅ ነው ብለሽን አልነበረም?»

«አዎ እማማ።»

«ታዲያ ፈረንጅ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ መላክን ከየት ያውቃል? እኔ ከጥንቱም ያንቺ ነው ብዬ ነው የምጫወተው። ጥሩ አድርጋ አበጀችው እያልኩ።» ሰፌዳቸውን አነሡ። «ለዚህ ነው እንዴ የታመምሽው?»

አየር ወደ ሳንባዬ ሲገባ ተሰማኝ። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ በግማሽ ስተነፍስ የቆየሁ ይመስለኛል። ወረቀቱን አጠፍኩት፤ አጠፍኩት፤ ትንሽ እስኪሆን አጠፍኩት። ዓይኔን እንባ ሞላው፤ ግን ማንም እንዳያየው የሚያደርግ ነገር ወዲያው መጣ፤ ሲስተር ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

«ቆይ፣ ቆይ! የተሸወድኩት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው?»

ዲያቆኑ ደብተሩን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ዲያቆኑ ያውቃል። እማማ ያውቃሉ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎራዴ ታጥቄ፣ መጽሐፉ ከለከለኝ ብዬ፣ አንድ ሰው ሳልነካ! ውጊያ ነበረው? ይኼ ጨዋታ ውጊያ ነበረው?»

«ዐሥራ አራት ገጽ» አልኳት።

«ዐሥራ አራት ገጽ!» አለች፤ እጇን ወደ ጣሪያው ዘርግታ። «ዛሬ በአዲሱ እንጫወታለን። ዕዳሽን በዚህ ትከፍያለሽ።»

እሷ እውነት ነበራት፤ ስለዚህ እሺ አልኳት። ግን ለሙከራ ብቻ፣ የሆነው እንዳልሆነ እንዲቆጠር ተስማማን። አዲሱ ደንብ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰቆጣ ላይ የለም። ዲያቆኑ ሃያ ወረቀት ቆርጦ ቁጥር ጻፈባቸውና የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከተታቸው። እንደ ዕጣ እያወጣን ተዋጋን።

ለሲስተር ሲባል እውነቱን መናገር አለብኝ፤ መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ተነሥታ ቆማ ነው የተዋጋችው። ሁለት ሽፍታ ጣለች። ጣሳውን ስታናውጥ የጎረቤት ልጆች በመስኮት መጥተው ያዩ ነበር። ግን ከእያንዳንዱ ምት በኋላ እኔ መደመር፣ መቀነስ፣ ገጽ መፈለግ አለብኝ። አንድ ሰዓት ሲሆነን ውጊያው ገና ሦስተኛ ዙር ላይ ነበር። ሽፍታውን ሆኜ አንድ ቃል እንኳ አልተናገርኩም፤ ቁጥር ብቻ ነበርኩ። በአራተኛው ዙር ከሽፍታው ጭፍሮች አንዱ እማማን መታ። ቀነስኩ። እንደገና ቀነስኩ።

«ምን ሆንኩ?» አሉ እማማ።

«እማማ... ሞቱ።»

«ሞትኩ?»

«በዚህ ደንብ፣ አዎ።»

«እንግዲህ እንዲህ ከሆነ» አሉና ብድግ አሉ። «ሽሮዬን ላማስል። ለበቅሎዎቹ ውኃ የሚሰጥ ፈልጉ።»

ወደ ማድ ቤት ሄዱ። ሲስተር ጣሳውን ይዛ ቆማለች። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ሙከራ ነው አይደል?» አለችኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እሷ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

«ሙከራ ነው።»

«እማማ! ሙከራ ነው! አልሞቱም!» ብላ ወደ ማድ ቤት ጮኸች።

«አውቃለሁ፣ ግን ሽሮው ሙከራ አይደለም!» የሚል መልስ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ያደረግነው ሦስታችን ነን። እኔ በሙያዬ መሠረት አንዱን መርጠን ሌላውን እንሻር አልኩ። ዲያቆኑ ግን ለምን ብሎ ጠየቀኝ። እሱ በተማረበት የትርጓሜ ቤት፣ አንድን ቃል መምህሩ በአንድ መንገድ ከፈቱት በኋላ «አንድም» ብለው ሌላውን ይቀጥላሉ፤ የኋላው የፊተኛውን አይደመስሰውም፤ ተማሪው ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። ይህን ከሰማሁ በኋላ ወደ ገጾቹ ተመለስኩና ሳያቸው ቀድሞ ያላየሁትን አየሁ። የኔ ገጽና የነሱ ዐሥራ አራት ገጾች አይጣሉም። ሦስቱ ሽማግሌ ከተመለሱ በኋላ ምን ይሆናል ለሚለው እኔ አጥጋቢ መልስ ኖሮኝ አያውቅም፤ «በቁስል እናልፋለን» እያልኩ ነበር የማድበሰብሰው። እነሱ ደግሞ ከውጊያው በፊት ምን ይደረጋል የሚለውን ችላ ብለውታል። የኔ በተቀደደበት ቦታ ላይ የነሱ እንደ እራፊ በትክክል ገጠመ።

አዲስ ደብተር ከዲያቆኑ ገዛሁ። ፊቱ ላይ «ሁለተኛ እትም» ብዬ ጻፍኩ። ከገጽ አርባ አንድ በኋላ ውጊያውን፣ ሲስተር ደስ እንዲላት ግን እንዳይረዝም አሳጥሬ፣ አስገባሁ። ሽማግሌው እንዳለ ቀረ። መጨረሻው ላይ እጄ ለምዶ «ከዚህ በፊት የነበረው...» ብሎ ጀምሮ ነበር። ያንን ሰረዝኩት። ለጓደኛዬም መልስ ጻፍኩላት፦ «አዎ፣ አጫውታለሁ። የኛም ተሻሽሎ ወጥቷል።»

በሚቀጥለው እሁድ ሦስተኛው ሽማግሌ ሄደ። ሲስተር ራሷ እሄዳለሁ አለች፤ ጎራዴዋን እማማ ዘንድ አስቀምጣ። እኔ ሽፍታው ሆንኩ። ለረጅም ጊዜ ተከራከርን። የሞተው ወንድም የምትጠብቀው እናት እንዳለችው፣ ከረጢቱ ውስጥ የነበረው የሷ የአንገት ማተብ እንደሆነ ተናገርኩ፤ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ዲያቆኑ አቀረቀረ። ሲስተር ያለ ቀልድ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ ሁለቱን ዳይስ ጣለች።

ሰባት። አልወሰነም።

ሦስተኛው ሽማግሌ ሄዶ ሰባት ሲወጣ ይህ የመጀመሪያችን ነው። እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ። ሲስተር እጇን ጎራዴዋን ወዳስቀመጠችበት ወደ እማማ በኩል ዘረጋች፤ ከዚያ መለሰችው። ሁሉም እኔን አዩ።

«መጽሐፉ ምን ይላል?» አለ ዲያቆኑ።

ደብተሩን አልገለጥኩም። ምን እንደተጻፈበት አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት።

«መጽሐፉ ምንም አይልም» አልኩ። «አልተጻፈም።»

ጠበቁኝ። ማንም አልሳቀም፤ ማንም ቸኩሎ አልሞላልኝም።

«እኔ ግን የምለው» አልኩ፤ ድምፄ ግድግዳው ጋ ደርሶ ሲመለስ ሰማሁት፤ «ሽፍታው ከእናንተ ጋር ጨርሷል። መታረቅ የሚፈልገው ከሲራራው መሪ ጋር ነው። ራሷ ትምጣ ይላል።»

እማማ ምስሩን ወደ ጎን አደረጉ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፤ ቀሚሳቸውን አራገፉ፤ በእጃቸው ወደ ግድግዳው ሚስማር ጠቆሙኝ።

«ነጠላዬን አቀብዪኝ» አሉ። «እንዲህ ሆኜ አልሄድም።»